የሙዴይራ የውኃ አባትና የሻለቃው እንጨት

የሚስቴ አባት ሙሰበሕ ቢን ሱወይድ ጥላን እንጂ ሰውን አያምኑም ነበር። ሰው ይረሳል፣ ይዋሻል፣ ለወገኑ ያደላል፤ ጥላ ግን ዘመድ የለውም ይላሉ። ይህን ሲሉ ደግሞ ዓይናቸው ከእኔ ላይ አይነሳም። ልጃቸውን ረያን ባገባሁ በሳምንቱ፣ የሠርጉ ሩዝ ገና ከጥርሴ መሃል ሳይወጣ፣ የሎሚ ዛፎቼን እያጠጣሁ "አባ፣ እንግዲህ ዘመድ ሆነናል፤ እስቲ ትንሽ ይጨምሩልኝ" አልኳቸው። ጭቃውን በባዶ እግራቸው ገፍተው ቦዬን ደፈኑትና "ልጄ የኔ ስለነበረች ሰጠሁህ። ውኃው የኔ አይደለም" ብለውኝ ሄዱ።

የመንደራችን የሙዴይራ የውኃ አባት እሳቸው ነበሩ። ውኃችን ከተራራው ሥር ካለችው እናት ጉድጓድ ይነሳል። አያቶቻችን በቆፈሩት የምድር ውስጥ ቦይ፣ ፈለጅ በምንለው፣ ላይ ሰፈርን አልፎ ታች ሰፈር ወዳለው የተምር ማሳ ይወርዳል። በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ደልዳላ ሜዳ አለ። በሜዳው መሃል ሲድር ከምንለው እሾኻም ዛፍ የተቆረጠ እንጨት ቀጥ ብሎ ተተክሎ፣ በግራና በቀኙ ድንጋይ ተደርድሮ ነበር። የእንጨቱ ጥላ ከአንዱ ድንጋይ ወደሚቀጥለው ሲደርስ የአንዱ ሰው የውኃ ተራ ያልቅና የሌላው ይጀምራል። ሙሰበሕ እዚያው ቁጢጥ ብለው ይውላሉ፤ ጥላው ድንጋዩን ሲነካ "ዝጋ!" ይላሉ። ያቺን ቃል ሰምቶ ሳይዘጋ የቀረ ሰው በሙዴይራ ታሪክ የለም።

ረያ የተወለደችው ከቀትር በኋላ በአራተኛው ድንጋይ ላይ ነው። እናቷ ምጥ ይዟት ስታስጠራቸው "የጎረቤታችን የደርዊሽ አባት ተራ ትለቅና እመጣለሁ" ብለው ልከውባታል። ሲደርሱ ልጅቱ ታጥባ፣ ተጠቅልላ፣ ተኝታለች። አማቴ ይህን ነገር ለሃያ ዓመት ያህል በየምሳው አነሳችባቸው፤ እሳቸውም ለሃያ ዓመት ያህል "ታዲያ በሰው ተራ ላይ ማን ተወለጂ አላት?" እያሉ መለሱላት።

ታሪኩ የተፈጸመው ነዳጁ ገና ከአሸዋው ሥር ተደብቆ ሳለ ነው። እኛ ጋ ነዳጁ ሳይወጣ ድንበሩ ቀድሞ ወጣ። ከዚያ በፊት በተራራችን ድንበር ማለት ፍየል ሰልችቷት የምትመለስበት ቦታ ነበር። አንድ ቀን እንግሊዛዊ ሻለቃ፣ በአጭር ሱሪና በቀይ ጉልበት፣ አንድ አስተርጓሚና አራት ወታደር አስከትሎ ከባሕሩ ዳርቻ በኩል መጣ። በየመንደሩ እየዞረ "የማን ናችሁ?" ብሎ ይጠይቃል አሉ።

የእኛ ነገር ሆነና ሙሰበሕ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ወደ ሌላ ሸለቆ ለቅሶ ሄደዋል። ለአራት ቀን እንጨቱን ለእኔ ትተውልኛል። ሲሄዱ "ከእንጨቱ አጠገብ እንዳትነሳ። ብትታመምም እዚያው ታመም" ነበር ያሉኝ።

ለሻለቃው ፍየል አረድን፣ አበላነው። እንግዳን "ለምን መጣህ?" ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቀውም። እሱም እስኪጠየቅ ጠበቀ መሰለኝ። እኛ እሱን፣ እሱ እኛን እያየን ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ አስተርጓሚው፣ ጫማው ላይ አቧራ በማረፉ የተከፋ የከተማ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሻለቃው ጌታችሁ ማን ነው ይላሉ።"

"አላህ ነው" አለ ዘህራን። ዘህራን የላይ ሰፈር ሽማግሌ ነው። ዕድሜው ለአንቱታ የሚበቃ ሰው ነበር፤ እኔ አንተ እያልኩ ሳወራ ብልግና እንዳይመስላችሁ። አንቱታውን ያጣው በገዛ እጁ ነው፤ ቀጥዬ አወጋችኋለሁ።

"ከአላህ በታች ማለታቸው ነው" አለ አስተርጓሚው።

"ከአላህ በታችማ ሙሰበሕ ናቸው፤ ውኃ የሚሰጡን እሳቸው" አለ ደርዊሽ፣ የታች ሰፈሩ ባለ ሽንኩርት። "እሳቸው ደግሞ ለቅሶ ሄደዋል።"

አስተርጓሚው ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። "ሱልጣኑ ነው ወይስ የባሕሩ ዳርቻ ሼኽ? ከሁለት አንዱን በሉ። በስምንት ቀን እንመለሳለን። አንድ ቃል ከሰጣችሁ መንደሩ በሙሉ ለአንዱ ይሆናል። ሁለት ቃል ከሰጣችሁ ሻለቃው መሃል ለመሃል ይሰነጥቁታል፤ ላይ ሰፈር ለአንዱ መንግሥት፣ ታች ሰፈር ለሌላው።"

ማንም ልብ ብሎ አልሰማም። መሃል ለመሃል የሚሰነጠቅ ሐብሐብ እንጂ መንደር አናውቅም።

እንግዶቹ ሜዳው ላይ ድንኳን ጣሉ። እኔ ከእንጨቱ አጠገብ ማደር ነበረብኝ። ግን ሙሽራ ነበርኩ፤ ሌላውን አትጠይቁኝ። በማለዳ ስመለስ ድንኳኑም ሰዎቹም የሉም። የሲድሩ እንጨትም የለም። በእሱ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት እጥፍ የሚረዝም፣ ቀይና ነጭ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ ሌላ እንጨት ቆሟል።

የሌላ አገር ሰው ቢሆን ምን እንደሚያስብ አላውቅም። እኛ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ስናይ የምናስበው አንድ ነገር ነው፤ አሁን የማን ተራ ነው?

"ዑበይድ፣ ምንድን ነው ይሄ?" አለ ዘህራን ከኋላዬ መጥቶ።

የት አድረህ ነው እንዳይለኝ ቸኮልኩ። "መንግሥት እንጨታችንን በአዲስ ቀየረልን" አልኩ። እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ሲወጣ ውሸት አልመሰለኝም። መንደሩ ተሰብስቦ "አቤት ማማሩ!" አለ። አንዳንዱ ዳበሰው። እኔም ድንጋዮቹ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ሥራ ጀመርኩ።

ረጅም እንጨት ጥላው ይሮጣል። ይህን ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አላወቅኩም። ሰው ቦዩን ከፍቶ ሳይጨርስ ጥላው የሚቀጥለው ድንጋይ ላይ ይደርሳል፤ እኔም በሙሰበሕ ድምፅ "ዝጋ!" እላለሁ። ደርዊሽ ውኃው ሁለተኛው የሽንኩርት መደብ ላይ ሳይደርስ ዘጋሁበት። "አንተ፣ ዛሬ ፀሐይዋን ማን እያሯሯጣት ነው?" አለኝ። "እንጨቱን ጠይቀው" አልኩት። ከቀትር ብዙም ሳይርቅ የቀኑ ተራ በሙሉ አለቀ።

በደንባችን መሠረት ተራ ካለቀ በኋላ የሚተርፈው ውኃ የመጨረሻው ተረኛ ነው። የመጨረሻው ተረኛ ዘህራን ነበር። ድሮ የሚተርፈው ድመት አያረጥብም፤ አሁን ግማሽ ቀን ሙሉ ውኃ ወረደለት። የከብት ሣሩ ሰመጠ። ከየት እንደመጡ የማይታወቁ እንቁራሪቶች ማሳውን ወረሱት። ዘህራን ከዳር ቆሞ እንደ አዲስ ሙሽራ ፈገግ ይላል፤ አንቱታው የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

"ይህ እንጨት ፍትሕ ያውቃል!" አለ። "ያመጡት ሰዎች የመጡት ከባሕሩ ዳርቻ በኩል ነው። እንግዲያው የሼኹ ስጦታ ነው ማለት ነው። ወላሂ ላይ ሰፈር የሼኹ ነው!"

"የሼኹ ሰዓት ይህ ከሆነ ወላሂ እኛ የሱልጣኑ ነን!" አለ ደርዊሽ።

"ሱልጣኑን አይተኸው ታውቃለህ?"

"አላየሁትም። ሽንኩርቴን ግን አላደረቀብኝም!"

በሙዴይራ ፖለቲካ የጀመረው እንዲህ ነው። በማግስቱ የላይና የታች ሰፈር ሰዎች ሰላምታ አቆሙ፤ መስጊድ ውስጥ እንኳ ሰልፉ መሃሉ ላይ ክፍት ሆነ። እኔ የላይ ሰፈር ሰው ነኝ፣ ረያ የታች ሰፈር ልጅ ናት። በሦስተኛው ቀን ለምሳ ብቀመጥ ምሳ የለም።

"ምነው?" አልኳት።

"ባሌን ሳላስፈቅድ ለባዕድ አገር ሰው ምሳ አላቀርብም።"

"አንቺ ሴት፣ ባልሽ እኮ እኔ ነኝ!"

"እሱን እንግዲህ ሱልጣኑ ይወስነው" ብላኝ ዓሣዋን ለብቻዋ በላች።

ሙሰበሕ በአራተኛው ቀን ተመለሱ። ቤታቸው ሳይገቡ ሜዳው ላይ ቆሙ። ቀዩንና ነጩን እንጨት አንዴ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ወታደሮቹ ድንኳን ጥለውበት ከነበረው ስፍራ ጎንበስ ብለው አመድ አነሱና በጣቶቻቸው አሹት፣ አሸተቱት። የሲድር አመድ ነበር። የአያታቸው እንጨት።

"ጊዜያችንን ሻይ አፍልተውበታል" አሉ።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "አንተ የት ነበርክ?"

"ቤት።"

"ልጄ ጋ?"

"አዎ፣ አባ።"

"የጥፋቱ ግማሽ የኔ ነው። የዳርኩህ እኔ ነኝ" አሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

የሻለቃውን ጥያቄና የሁለቱን ሰፈሮች መሐላ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ሙሰበሕ ሲፈሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "እናት ጉድጓዷ በአንድ መንግሥት፣ ተምሩ በሌላ? አንዲት ተምር ለማጠጣት የሁለት ንጉሥ ደጅ ልንጠና ነው? የላዩ የተቆጣ ዕለት አንድ ድንጋይ ቦዩ አፍ ላይ ያኖራል። በቃ። በሁለት በጋ ታች ሰፈር የሚባል አይኖርም፤ ታች ሰፈር ከሌለ ደግሞ ላይ ሰፈር ምን ይበላል? እንቁራሪት?"

"ይህን እንጨት እንንቀለው" አልኩ።

"የሰው ዕቃ አይነካም። ድንጋዮቹ ግን የኛ ናቸው።"

ሚስታቸው ከእህል ማሰሮ ውስጥ ሥሯ በመርፌ የተበሳች የመዳብ ጣሳ አውጥታ ሰጠቻቸው። ደመና ሲሆን ተራ የሚቆጥሩት በጣሳዋ ነው፤ ውኃ ላይ ትንሳፈፋለች፣ ቀስ እያለች ትሞላለች፣ የአንድ ሰው ተራ ሲያልቅ ትሰምጣለች። በማግስቱ ከማለዳ ጀምሮ ውኃ የሞላ ገንዳ አጠገብ ተቀመጡ። ጣሳዋ በሰመጠች ቁጥር "ዑበይድ!" ይላሉ፤ እኔ ድንጋይ ተሸክሜ የጥላው ጫፍ ወዳለበት እሮጣለሁ። ሃያ አራት ጊዜ ሮጥኩ። የእንጨቱ ርዝመት የጤና አልነበረምና የመጀመሪያው ድንጋይ ከሜዳው አልፎ ታች ሰፈር ደርዊሽ የፍየል በረት ውስጥ ገባ። የማታው ድንጋይ ደግሞ ላይ ሰፈር ዘህራን ደጃፍ ላይ አረፈ።

"ደጄ ላይ ድንጋይ አይቀመጥም!" አለ ዘህራን።

"ጥላውን ከልክለው" አሉት ሙሰበሕ። ዘህራን ጥላውን በእግሩ ሊረግጠው ሞከረ፤ ጥላው ጫማው ላይ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ተራው ልክ ሆነ። ሽንኩርቱ ነፍስ ዘራ፣ እንቁራሪቶቹ ተሰደዱ። ጠዋት ጠዋት ላይ ሰፈሮች ተራቸውን ለማወቅ ወደ ደርዊሽ በረት መውረድ፣ ማታ ማታ ታች ሰፈሮች ወደ ዘህራን ደጃፍ መውጣት ግድ ሆነባቸው። ሳይነጋገሩ ሰዓት መጠየቅ ደግሞ አይቻልም። መስጊድ ውስጥ ሰልፉ ገጠመ። ረያ ምሳ አቀረበችልኝ፤ ዓሣውን ግን ቆጥራ ነው።

መሐላው ግን ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ዘህራን ወላሂ ብሏል፣ ደርዊሽም ወላሂ ብሏል። ሁለቱም በሆዳቸው ነገሩን ጠልተውታል፤ ሁለቱም ሌላው ቀድሞ እንዲመለስ ይጠብቃሉ። ሙሰበሕ አንዱን በጠዋት፣ አንዱን በማታ ለመኑ። "እሱ ይመለስና" ይላሉ ሁለቱም። ቀኑ ደግሞ እየሄደ ነው።

በስምንተኛው ቀን ሻለቃው መጣ። ገና ከበቅሎው ሳይወርድ ሁለት ወታደሮች ወደ እንጨቱ ሄደው መነቅነቅ ያዙ።

ኡኡ ተባለ። ውኃችንን እንዴት ብለው! ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም ግር ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ማጭድ እንደያዙ መጡ። ደርዊሽ ከወታደሮቹ ፊት ደረቱን ሰጠ። ዘህራን እንጨቱን በሁለት እጁ አቅፎ "እኔን ነቅላችሁ ውሰዱ!" ይላል። ሻለቃው ቆቡን አወለቀ። አስተርጓሚውን ጠርቶ ለረጅም ጊዜ አወራው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር ብል አላጋነንኩም።

"ሻለቃው ብዙ መንደር አይተዋል" አለ አስተርጓሚው። "ድንበሩን እንዲህ የሚወድ ሕዝብ ግን አይተው አያውቁም። አትስጉ ይላሉ፤ እንጨቱ የሚነቀለው በሲሚንቶ ሊተካ ነው።"

"ምኑን የሚወድ?" አለ ዘህራን።

"ድንበሩን። ይህ የድንበር ምልክት ነው፤ ሁለት ቃል ቢመጣ ብለን የተከልነው። ሁለት ቃል እንደሰጣችሁ መንገድ ላይ ሰምተናል። ከዚህ ወደ ላይ የሼኹ፣ ከዚህ ወደ ታች የሱልጣኑ።"

ዘህራን የጋለ ብረት እንደነካ ሰው እንጨቱን ለቀቀ። ስምንት ቀን ሙሉ ሽንኩርት ያጠጣንበት፣ የሰገድንበት፣ ምሳ የተከለከልኩበት ሰዓት ድንበር ኖሯል። ዘህራን ደርዊሽን አየ፣ ደርዊሽ ዘህራንን አየ። እኔ በበኩሌ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ መንግሥት ቀየረልን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሙሰበሕ ተነሱ። ወደ ሻለቃው ሄደው ክንዱን ያዙት። "አንተ እንግዳ፣ ና አብረን እንሂድ" አሉት።

ወደ እናት ጉድጓዷ ወሰዱት። አፏ ላይ አስደፍተው ውስጡን አሳዩት፣ ጠጠር ጥለው አሰሙት። ከዚያ ቦዩ በምድር ሥር የሚሄድበትን እየተከተሉ፣ ቦዩን ለመጥረግ የምንገባበት ጉድጓድ ባለበት ሁሉ እያቆሙት፣ "ይሄም" ይሉታል። ሻለቃው ካርታው ላይ በእርሳስ ነጥብ ያደርጋል። "ይሄም።" ነጥብ። ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ ጠነከረች፤ የሻለቃው ጉልበት በርበሬ መሰለ፤ አስተርጓሚው ጫማውን በእጁ ያዘ። መንደሩ በሙሉ ከኋላ ይከተላል። ታች ሰፈር ጫፍ፣ የመጨረሻዋ ቀጫጫ ተምር ሥር፣ ውኃው አሸዋው ውስጥ ገብቶ የሚጠፋበት ቦታ ስንደርስ ሙሰበሕ ቆሙ። ከወገባቸው ጩቤያቸውን መዘዙ። ወታደሮቹ ጠብመንጃ አነሱ። እሳቸው ግን እጀታውን ወደ ሻለቃው አዙረው ዘረጉለት።

"የቱ ጋ ነው የምትቆርጠው?" አሉ። "አሳየኝ። ካልቻልክ አንተ ምልክት አድርግና እኔ ራሴ እቆርጥልሃለሁ።"

ሻለቃው ጩቤውን አልተቀበለም። ካርታውን አየ፣ ውኃውን አየ፣ ደጋግሞ አየ። የሙሰበሕ እጅ እንደተዘረጋ ነበር። እኚህን ሰው ለአንዲት ደቂቃ ውኃ ስንት ጊዜ በሆዴ ረግሜያቸዋለሁ! ያኔ ወደድኳቸው፤ አፍሬም ነበር።

በመጨረሻ ሻለቃው በዝግታ ተናገረ። "አልቆርጠውም ይላሉ" አለ አስተርጓሚው። "ግን ወረቀቱ ያለ አንድ ቃል አይሞላም። አሁኑኑ አንድ ሰው ለሁላችሁም ይናገር።"

"ሙሰበሕ ይናገር" አለ ዘህራን። "እኔ ምዬ ታስሬያለሁ።"

"እኔም" አለ ደርዊሽ። ስምንት ቀን ሙሉ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ሙሰበሕ ጩቤያቸውን ወደ አፎቱ መለሱ። "ከሁለቱ ሩቅ የሚኖረው የትኛው ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

አስተርጓሚው ግራ ገባው። "ሩቅ? ሱልጣኑ። በግመል አንድ ወር ይሆናል።"

"ሼኹስ?"

"አንድ ቀን።"

"እንግዲያው የሱልጣኑ ነን" አሉ። "የቅርቡ ዛሬ ቢጠማው ነገ እዚህ ነው።"

ሻለቃው ሲተረጎምለት ሳቀ፤ እየሳቀ ጻፈ። ዘህራን ግን አልተዋጠለትም። "ቆይ እስቲ፣ የሩቁስ አንድ ቀን የመጣ እንደሆነ?"

"ይምጣ" አሉ ሙሰበሕ። "እንደ ማንኛችንም ተራውን ይጠብቃል።"

ሻለቃው እርሳሱን እንደያዘ ምን አሉ ብሎ ዞረ። አስተርጓሚው ግራና ቀኝ አየና፣ ይህቺን ሳይተረጉማት ቀረ።